ሦስተኛዋ ባልዲ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እጄ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም። ቢቸና ገበያ ቲማቲም ሳነሣ ሳላስበው ገልብጬ ከሥሩ አያለሁ። ሻጮቹ ለምደውኛል፤ "እትዬ እታገኝ፣ እሱ ወንድም ሴትም አይደለም፣ ዝም ብለው ይውሰዱት" ይሉኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤቴን ስዘጋ ግን ቁልፉን ሦስት ጊዜ አዙሬ፣ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ እንደገና እሞክረዋለሁ። ተፈጥሮዬ ነው፤ ያየሁትንም ካላየሁት እኩል እጠራጠረዋለሁ።

ሠላሳ ምናምን ዓመት በግብርና መሥሪያ ቤት የዓሣ ባለሙያ ሆኜ ያገለገልኩ ሴት ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ጤፍና ስንዴ እንጂ ዓሣ የት አለውና እያሉ የሚሳለቁብኝ ብዙ ነበሩ። ገበሬዎቹ ደግሞ "የዓሣ አዋላጅ" የሚል ስም አወጡልኝ፤ ዋናው ሥራዬ ወንዱን ዓሣ ከሴቷ መለየት ነበርና። በኩሬ የምናረባው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ነው። ወንዱ ቶሎ ይወፍራል። ሴቷ ግን ገና መዳፍ ሳትሞላ መውለድ ትጀምራለች፤ እንቁላሏን በአፏ ይዛ፣ ጫጩቶቿንም በአፏ ጠብቃ ትለቃለች። ጥቂት ሴቶች ከገቡ ኩሬው በጫጩት ይሞላል፣ ምግቡን ይሻሙታል፣ ሁሉም ጣት አክሎ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ገበሬ ኩሬ የሚገባው ወንድ ወንዱ ተመርጦ ነበር። መራጯ እኔ ነበርኩ።

ያ ስልክ የተደወለልኝ ባለፈው ግንቦት ነው።

"እትዬ እታገኝ ነዎት? ትዕግሥት እባላለሁ፤ ሞጣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአቶ አንዳርጌ ልጅ ነኝ።"

የአባቷን ስም ስሰማ ተነሥቼ ቆምኩ። ቁጭ ብዬ እንደነበር እንኳ የገባኝ ከተነሣሁ በኋላ ነው።

"አባዬ አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው" አለች። "እግሩ እምቢ ካለው ወዲህ ከቤት አይወጣም። እንዲያጫውተው ብዬ ከአዲስ አበባ ትናንሽ ዓሦች አስመጣሁለት፤ ቤት ውስጥ በመስታወት ሣጥን ነው ያሉት። ስድስት ነበሩ፣ ሁለቱ ሞቱብን። አንደኛው ሌሎቹን እየነከሰ ነው የሚገድላቸው። ለይቼ እንዳላስቀምጥ ወንድና ሴቱን አላውቃቸውም። አባዬ ደግሞ 'የዓሣ አዋላጇን ጥሪልኝ፣ እሷ ታውቃለች' እያለ አስጨነቀኝ።"

እሷ ታውቃለች።  ይህ ቃል ለምን እንደከበደኝ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት እዚያው ሞጣ ነው። ያስተማሩኝ አቶ ይበልጣል ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዓሣ አላስነኩኝም። እጄን ገንዳ ውስጥ ነክሬ እንድቆም ብቻ ያዙኝ ነበር። "የሰው እጅ ዓሣን ያቃጥለዋል፤ መጀመሪያ እጅሽ ይብረድ" አሉኝ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ልቤ ሲጠፋ ነው "በይ አሁን ያዢ" ያሉኝ።

ዓሣውን በግራ እጅ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ መያዝ ነው። አጥብቀው ከያዙት ይጎዳል፣ ከላላ ያመልጣል። ከሆዱ በታች፣ ወደ ጭራው ጠጋ ብሎ፣ የስንዴ ፍሬ የማታህል ጉጥ አለች። ወንዱ ላይ ቀዳዳው ሁለት ነው። ሴቷ ላይ ሦስት ነው፤ መካከለኛው በአግድም የተሰነጠቀ ነው፣ እሱም በባዶ ዓይን እምብዛም አይታይም። አቶ ይበልጣል ቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት በጥጥ ነክረው ጉጧን ያስነኳትና በአውራ ጣታቸው ይጠርጓታል። ቀለሙ በአግድም መስመር ሠርቶ ከቀረ ሴት ናት። መስመር ካልሠራ ወንድ ነው። ዓሣው ከውኃ ውጭ ነውና ይህ ሁሉ አንድ ሁለት ትንፋሽ ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ጣቶቻችን ሐምራዊ ሆነው ነበር ወደ ቤታችን የምንገባው፤ ሰው ሰላም ሲለኝ እጄን ቀሚሴ ውስጥ እደብቅ ነበር።

አቶ ይበልጣል ግን ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ለባልዲዎቻቸው ነው። ሦስት ነበሩ። አንዷ የወንድ፣ አንዷ የሴት። ሦስተኛዋ ውስጥ የሚገባው ያልለየላቸው ዓሣ ነው። ያችን ባልዲ ከሌሎቹ አርቀው ያስቀምጡና ያንን የማያወልቁትን ካፖርት አውልቀው ይሸፍኗታል፤ ማንም ሳያስብ እንዳይደባልቃት። በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ ዓሦቹ ሲያድጉ አንድ በአንድ እንደገና ያዩአቸዋል። ሪፖርት ሲጽፉም ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ያላወቅሁት ይህን ያህል ብለው ነው። ኃላፊዎች "ያላወቅሁት" የሚለውን ይሰርዙታል። እሳቸው በሚቀጥለው ወር መልሰው ይጽፉታል።

"ሰው ይስቅብዎታል እኮ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይሳቅ። ያላየሁትን አየሁ አልልም" አሉኝና ወደ ዓሣቸው ተመለሱ።

ከሞጣ ደብረ ኤልያስ ተዛወርኩ። እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓሣ በዓይኔ አላየሁም፤ ዶሮ ስከትብ ነው የከረምኩት። ደመወዙ ያው ነበር፣ የዶሮዎቹ ጭረት ግን እስካሁን ክንዴ ላይ አለ። ከዚያ ቢቸና መደቡኝ። ለወረዳው የዓሣ ባለሙያ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ስጠራጠር "እስኪ አንተ እየው" የምለው ሰው አልነበረኝም። እንደ እኔ ላለች ተጠራጣሪ ይህ ከባድ ነው።

አቶ አንዳርጌን ያወቅኋቸው ያኔ ነው። ከቢቸና ቁልቁል በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ከጤፍ ማሳቸው ጥግ ቆርሰው ሁለት በጋ ሙሉ ኩሬ ቆፈሩ። ጎረቤቱ "አንዳርጌ መሬቱን ቀበረው" እያለ ያላግጥባቸው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዓለም አፈሩን በጀርባቸው አመላልሰው ግድቡን ደለደሉ። ውኃው ከወንዙ በቦይ ስለሚመጣ የዱር ዓሣ አብሮ እንዳይገባ በቦዩ አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት ይታሰራል። ወንፊቱን ያሰሩት ወይዘሮ ጥሩዓለም ናቸው። እንደ ልማዴ ጎተት ጎተት አድርጌ ስሞክረው አይተው ሳቁብኝ።

"እታገኝ፣ አትፍሪ! እኔ የቋጠርኩት አይፈታም።"

ዓሣ የሚገባበት ቀን ሲቃረብ ከዞን እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። ኩሬው ለሌሎች ገበሬዎች ማሳያ ይሆናል ተባለ። ከባሕር ዳር የመጡትን ጫጩቶች ለመለየት እስኪደርሱ ድረስ በገንዳ አሳድገን ነበርና ብቻዬን ሁለት ቀን ሳገላብጥ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ወደ ማምሻው ላይ ባልዲዎቹን አየሁ። ወንዶቹ ከሚፈለገው ጎድለዋል። ሦስተኛዋ ባልዲ ደግሞ ግማሿ ድረስ ሞልታለች። ኃላፊያችን መጥቶ ከላይ ቆመ።

"ያቺ ውስጥ ያለውስ?"

"ያልለየልኝ ነው። ሁለት ሳምንት ይቆዩና እንደገና አያቸዋለሁ።"

"እንግዶቹ እኮ ነገ ናቸው! ሁለት ሳምንት ቆዩ ልበላቸው? አንቺ ደግሞ ፍርሃትሽ በዛ" አለኝና ሄደ።

እሱ ባልዲዋን አልነካም። ገልብጫት ብሎም አላዘዘኝም። ብቻዬን ቀርቼ ብዙ ቆምኩ። ፈሪ መባሌ አንገበገበኝ፤ ፈሪ መሆኔን ስለማውቅ ነው ያንገበገበኝ። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሌላው ሰው ደፈር ልበል አልኩ። ባልዲዋን አነሣሁና ወንዶቹ ላይ ገለበጥኳት። ወዲያው ጸጸተኝ፤ ግን ዓሦቹ ተቀላቅለዋል፣ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው፣ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

በማግስቱ ጭብጨባ ሆነ፣ ፎቶግራፍም ተነሣን። በዓመቱ ኩሬው ተከፍቶ ዓሣው የሚወጣበት ቀን ደረሰ። አቶ አንዳርጌ ያላገጡባቸውን ጎረቤቶች ሁሉ ጠርተው ነበር። ውኃው እየጎደለ ሲሄድ ጭቃው ላይ የሚፈራገጠው ዓሣ ሁሉ ጣት የሚያህል ሆነ። ለቁጥር ያስቸግራል፤ ለምግብ የሚሆን ግን በመካከሉ አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌሎቹም ሳቁ። አቶ አንዳርጌ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ትልልቆቹን በእጃቸው ይፈልጉ ነበር። እኔ ግድቡ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ኃላፊው ወደ ቦዩ አፍ ሄዶ ወንፊቱን አየ። ቅጠል ተጠቅጥቆበት አንድ ጥጉ ትንሽ ብድግ ብሎ ነበር። "ይኸውላችሁ! የዱር ዓሣ የገባው በዚህ ነው" አለ። ውሸት መሆኑን እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያንን ወንዝ ራሴ በመረብ ፈትሼዋለሁ፤ ቆሮሶ የሚባል የለበትም። ከግድቡ ወርጄ ጣት የሚያህሉትን ዓሦች መልቀም ጀመርኩ።

አቶ አንዳርጌ ከጭቃው ቀና ብለው ባለቤታቸውን አዩ። "ጥሩዓለም፣ ውኃ ስትቀጂ አነሣሽው እንዴ?"

"ማርያምን አልነካሁትም!"

"ታዲያ ከአንቺ ሌላ ማን እዚያ ይወርዳል?"

ሪፖርቱ ችግሩ የደረሰው ገበሬው ወንፊቱን በአግባቡ ባለመጠበቁ ነው ይል ነበር። ፈረምኩበት። አቶ አንዳርጌ ከዚያ ወዲህ ኩሬውን ዞር ብለው አላዩትም።

በዚያው ሰሞን ለስብሰባ ሞጣ ሄጄ አቶ ይበልጣልን አገኘኋቸው። ወሬው ደርሷቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ "ያላወቅሽው ስንት ነበር?"

"አልነበረም" አልኳቸው።

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ዳግመኛ ሳላገኛቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሦስተኛዋን ባልዲ በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የሠራሁት፤ ኃላፊ ቢመጣ፣ እንግዳ ቢመጣ አላነሣትም። በአቶ አንዳርጌ ሰፈር ሥራ ሲኖር ግን ታመምኩ እል ነበር። የወይዘሮ ጥሩዓለምን ቀብር እንኳ ሰምቼ ቀረሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ጫጩቶቹ ከማራቢያው ወንድ ወንድ ሆነው መምጣት ጀመሩና የእኔ እጅ አስፈላጊነቱ ቀረ። ሌሎቹ ባለሙያዎች ሙያችን ቀረ ብለው አዘኑ። እኔ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

እንግዲህ ትዕግሥት የደወለችልኝ ይህን ሁሉ ለተሸከመች ሴት ነው። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን ከቢቸና መናኸሪያ ተሳፈርኩ። ማጉያ መነጽሬን፣ ጥጤንና መድኃኒቴን ይዣለሁ፤ መያዜን ለማረጋገጥ ቦርሳዬን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩ አላውቅም። ደብረ ወርቅ ላይ ወርጄ ልመለስ ቃጥቶኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ልጄ፣ መኪና ያመሻል እንዴ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

የትዕግሥት ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ የመስታወቱ ሣጥን ተቀምጧል። መስኮት የሚገጥም ባለሙያ ነው የሠራላት። አየር የሚነፋው መሣሪያ ይንቦቀቦቃል፤ በሣጥኑ ውስጥ ከውኃው ሥር የተሰበረ ገል ተደፍቷል። አቶ አንዳርጌ ጋቢ ለብሰው ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ነበሩ። ያ ጭቃ ውስጥ የማውቀው ትከሻ የለም፣ አልቀዋል።

"መጣሽ! ነይ ቅረቢኝ" አሉ። ሳሙኝ። "ኩሬውን ስቆፍር ሁሉ ሲስቅብኝ እዚያ ድረስ እየወረደች የምትጠይቀኝ እሷ ነበረች" አሉ ለልጃቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ትዕግሥት ወደ ዓሦቹ ጠቆመችኝ። ትልቁ እንኳ ከትንሽ ጣት ብዙም አይበልጥም። "ድንክ ሲክሊድ ይሏቸዋል፣ የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው" አለችኝ። "ነካሹ ያ ሆዱ ቀይ የሆነው ነው።"

"ፊታውራሪ ብዬዋለሁ" አሉ አቶ አንዳርጌ።

"ወንዱ እሱ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቀለሙም ኃይለኝነቱም ያስታውቃል" አለች ትዕግሥት። "እሱን ብቻ ወደ ትምህርት ቤቱ ሣጥን ልወስደውና ሦስቱን እዚህ ልተዋቸው ነው ያሰብኩት።"

መድኃኒቱንና ጥጡን ከቦርሳዬ አላወጣሁም፤ እነዚህን ገልብጦ መያዝ መግደል ነው። በመስታወቱ በኩል ማየት ብቻ ነው ያለው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሁለት ሰዓት ያህል አየኋቸው። ፊታውራሪ አጭር፣ ሆዱ ክብ፣ የጀርባው ክንፍ ጫፍ ድቡልቡል ነው። ሌላ ረዘም ያለ ዓሣ አለ፤ ቀለሙ ፈዛዛ ነው፣ የጀርባው ክንፍ ግን ወደ ኋላ ሾሎ ይረዝማል፣ የጭራውም መካከል ወጣ ይላል። ፊታውራሪ ከገሉ ሥር ወጥቶ ረጅሙ ፊት ሆዱን አጉብጦ እያሳየ ይርገፈገፋል። ሌላኛዋ አጭር ስትጠጋ ግን ዘሎ ይነክሳታል። አየሁ፣ መነጽሬን ጠረግሁ፣ እንደገና አየሁ።

"አቶ አንዳርጌ፣ ፊታውራሪዎ ሴት ናት።"

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ትዕግሥትም ሳቀች።

"በእነዚህ ዘንድ እንዲህ ሆዷ የሚቀላው ሴቷ ናት፤ ለመውለድ ስትደርስ ይብስባታል" አልኳቸው። "ገሉን ቤቴ ብላ ይዛለች። የምትፈልገው ረጅሙን ነው፣ ወንዱ እሱ ነው። ሁለቱ እዚህ ይቅሩ። ያቺ የተነከሰችው ሌላ ሴት ናት፣ ዛሬውኑ ትውጣ። ካልወጣች ትገድላታለች።"

"አራተኛውስ?" አለች ትዕግሥት።

አራተኛው ትንሽ ነው፣ ገና አልጎለመሰም። የጀርባው ክንፍ ተነክሶ ጫፉ የለም፤ ሾሎ ይሁን ድቡልቡል አይታወቅም። ሆዱ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ይመስላል፣ ዞር ሲል ይጠፋል። አባትና ልጅ ፊቴን ያዩኛል።  አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ደስ ብሎት ይለያይ ነበር።

"አላውቅም" አልኩ። "ባልዲ አምጪልኝ፤ እስኪለይለት ለብቻው ይቀመጥ።"

ትዕግሥት ባልዲ አመጣች፤ አየር የሚነፋ ሌላ ቱቦም ነበራት። ዓሣውን በመረብ አወጣሁትና ባልዲው ውስጥ አስገባሁት። እንዳይዘል ነጠላዬን አውልቄ ሸፈንኩት። 

አቶ አንዳርጌ ባልዲውን አዩና ተከዙ። "ድሮም እኔ እጅ ላይ ዓሣ አይሆንም። ያን ጊዜም የኔው ቤት ሰው ወንፊቱን..." ብለው ሳይጨርሱ ተዉት።

"ወንፊቱ ደህና ነበር" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሦስተኛዋ ባልዲ፣ ስለ ገለበጥኳት ማታ፣ ወንዙ ውስጥ ቆሮሶ እንደሌለ እያወቅሁ ዝም ስለማለቴ፣ ስለ ፈረምኩት ሪፖርት። ኃላፊውን አላነሣሁትም፤ ባልዲዋን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

አቶ አንዳርጌ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔንም አላዩኝም፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ትዕግሥት፣ እናትሽ አልነካችውም ነበር።"

እሷ መረቡን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ማርያምን ብላ ምላልኝ ነበር፤ አላመንኳትም። እስክትሞት ድረስ ስናደድ ሁሉ አነሣባት ነበር፤ በጎረቤት ፊት፣ በድግስ ላይ። ወንፊት የማይጠብቅ እጅ እያልኩ።"

"ትዝ ይለኛል፣ አባዬ" አለች ትዕግሥት፤ እያየች የነበረው መስታወቱን ነው።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። 

"እኔን ተይኝ። እኔስ ምኔ ተነካ?" አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። "እኔ እግር የለኝም። መቃብሯ እዚያው ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ነው። አንቺ ሂጂና ንገሪያት። አንዳርጌም ሰማ በያት።"

ትዕግሥት በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል "ስለ ዓሦቹ አመሰግናለሁ" አለችኝ። ስለሌላው እንዳላመሰገነችኝ ገባኝ፣ ልክም ናት። ከሳምንት በኋላ ግን አጭር መልእክት ላከችልኝ፦ "ፊታውራሪ እንቁላል ጣለች። አራተኛው ገና አልለየለትም። አባዬ በየቀኑ ባልዲውን እየከፈተ ያየዋል።"

በሚቀጥለው እሑድ ቁልቁል ወረድኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኩሬው ነው። ሣር በቅሎበት ጥጆች ይግጡበታል፤ ቦዩ ደርቋል። ወንፊቱ ዝጎ እዚያው የቦዩ አፍ ላይ ነበር። ይዤ ጎተት አደረግሁት፣ ደግሜም ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ የሰፈሩ ሴቶች ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ኩሬው የተከፈተ ቀን እዚያ ነበሩ። መቃብሩ ከእነሱ ብዙም አይርቅም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ፤ እንዳይሰሙኝ ፈርቼ ነው።

"ወይዘሮ ጥሩዓለም፣ እታገኝ ነኝ። ወንፊቱን አሁን አይቼው መጣሁ። የቋጠሩት አልተፈታም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አቶ አንዳርጌም ሰምተዋል።"

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። እንዲሰሙት ጮክ ብዬ ደገምኩት።